ደረሰኝ ላይ የማታዩት የምግብ ታክስ

መካነ ሰላም ገበያ ወጥታችሁ ከገበሬው ጤፍ ብትገዙ ቫት የሚባል ነገር አይነሳም። እዚያው መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ሱቅ ብስኩት ብትገዙስ? ባለሱቁ ደረሰኝ አልቆረጠም፣ ስለ ቫትም ምንም አላለም። ታዲያ ታክስ አልከፈላችሁም ማለት ነው?

ከፍላችኋል። እንዴት እንደሆነ እናስረዳ።

ለቫት የግድ መመዝገብ ያለበት ዓመታዊ ሽያጩ ሕጉ ካስቀመጠው መጠን በላይ የሆነ ነጋዴ ነው። የቦረና፣ የወግዲ ወይም የከላላ ትንንሽ ሱቆች ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ አይገቡም። ግን ባለሱቁ ብስኩቱን ከደሴ ጅምላ ሻጭ አመጣው እንበል። ጅምላ ሻጩ የተመዘገበ ከሆነ 15 በመቶ ጨምሮ ይሸጥለታል። ያልተመዘገበ ባለሱቅ ደግሞ የከፈለውን ቫት ማስመለስ አይችልም። ስለዚህ ከትራንስፖርቱ ጋር ደምሮ ዋጋው ላይ ያስገባዋል። እኛ የምናየው «ተወደደ» የሚለውን ብቻ ነው።

ቫት የመጣው በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ነው። በ1995 ሥራ ላይ ሲውል የቀድሞውን የሽያጭ ታክስ ተካ። በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1341 ሕጉ እንደ አዲስ ሲወጣም ምጣኔው 15 በመቶ ሆኖ ቀጠለ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ቫት ያለበት ዕቃ ደረሰኙ ላይ በድምሩ 230 ብር ከሆነ፣ 200 ብሩ የዕቃው ዋጋ፣ 30 ብሩ ታክስ ነው።

የኑሮ ውድነት ሲብስ መንግሥት ምግብ ላይ ያለውን ታክስ ያነሳበት ጊዜ አለ። በ2000 ከእህልና ከዱቄት ላይ ቫት ተነሳ፣ የምግብ ዘይትም ከታክስ ነፃ ተደረገ። በ2013 መጨረሻ ደግሞ ስንዴ፣ ዘይት፣ ስኳርና ሩዝ ያለ ቀረጥና ታክስ እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ፓስታ፣ መኮሮኒና እንቁላልም ያለ ቫት እንዲሸጡ ተወሰነ። ስለዚህ «የምግብ ታክስ ይነሳ» ማለት አዲስ ወይም እብድ ጥያቄ አይደለም።

ጥያቄው ለምን ይነሳል? ቫት ሀብታምና ድሃ አይለይም። ወር በገባ ቁጥር ደሞዙን ሙሉ ለምግብ የሚያውለው የቀን ሠራተኛና ባለ ፎቁ በአንድ እሽግ ብስኩት ላይ እኩል ይከፍላሉ። የሚጎዳው ግን አንደኛው ነው።

በሌላው ዓለምስ? የአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት በምግብ ላይ የነበራትን 6.5 በመቶ የሽያጭ ታክስ ደረጃ በደረጃ ቀንሳ በፈረንጆቹ ጥር 2025 ዜሮ አድርሳዋለች። ኬንያ በ2024 ዳቦ ላይ 16 በመቶ ቫት ልትጥል ነበር፤ ስልክ የያዘው ወጣት ጉዳዩን ከማኅበራዊ ሚዲያ ወደ አደባባይ ሲያወጣው ሐሳቡ ከረቂቁ ወጣ።

የሌላው ወገን ክርክርም መሰማት አለበት። ታክስ ሲነሳ የትምህርት ቤቱና የጤና ጣቢያው በጀት ከየት ይመጣል? ነጋዴውስ በእርግጥ ዋጋ ይቀንሳል? ሌላም ነገር አለ። ዕቃው «ከቫት ነፃ» ሲባል ሻጩ ለግብዓት የከፈለውን ቫት ማስመለስ ስለማይችል የተወሰነው ዋጋው ውስጥ ይቀራል። «ዜሮ ምጣኔ» ሲባል ግን ያስመልሳል። እኛ አገር ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ በዜሮ ምጣኔ ይስተናገዳል። ታዲያ የውጭው ገዢ ያገኘውን የመካነ ሰላም እናት ለምን አታገኝም? ይህ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነው።

የሚጠየቀውም ባለሱቁ አይደለም። ቫት የፌዴራል ሕግ ነው፤ ሕጉን የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። እዚያ የእናንተን ወረዳ ወክሎ የተቀመጠ ሰው አለ።

እስከዚያው ከትልቅ ሱቅ ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የቫቱን መስመርም አንብቡ። ስንት እንደከፈላችሁ ሳታውቁ ይቀነስልን ማለት ይከብዳል።