ግንድ ውርወራው ቀጥሏል፣ ቋንቋው ግን መንምኗል፦ የስኮትላንድ ስደተኞች ጨዋታ በካናዳ

«ካበር» የሚባለውን የስኮትላንዶች ባህላዊ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው፣ አሸናፊው ግንዱን አርቆ የወረወረው ይመስለዋል። እርስዎም እንዲህ ከገመቱ ተሳስተዋል።

ኪልት የተባለውን ጉርድ መሰል ልብስ የታጠቀው ተወዳዳሪ፣ ስድስት ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ከባድ ግንድ ቀጭን ጫፉን በመዳፎቹ ይዞ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ከዚያ ጥቂት ይሮጥና ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። ግንዱ አየር ላይ ተገልብጦ በወፍራም ጫፉ መሬት ይነካል፤ ቀጭኑ ጫፍ ደግሞ ወዲያ ማዶ ይወድቃል። ዳኛው ርቀት አይለካም፤ የሚመለከተው ግንዱ ቀጥ ብሎ መውደቁን ነው። ወርዋሪው በሰዓት ገበታ ላይ 6 ቁጥር ጋ እንደቆመ ያስቡ፤ ፍጹም የሚባለው ውርወራ ግንዱ ወደ 12 ቁጥር ሲያመለክት ነው።

ይህን ለማየት የግድ ስኮትላንድ መሄድ የለብዎትም። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ግዛት በምትገኘው ትንሿ ከተማ አንቲጎኒሽ ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው፤ ዛሬም የከተማዋ ትልቅ በዓል ነው።

ወደዚያ የተሰደዱት ሰዎች መነሻ የስኮትላንድ ደጋማ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1746 ደገኞቹ በኩሎደን ጦር ሜዳ ከተሸነፉ በኋላ መንግሥት ባህላዊ ልብሳቸውን በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። በዚያ ላይ የመሬት ኪራይ መናር ነበር፤ በኋላም ባለርስቶች መሬቱን ለበግ እርባታ ሲፈልጉት ብዙ ገበሬዎችን አፈናቀሉ። በ1773 «ሄክተር» የተባለችው መርከብ 200 የሚሆኑ መንገደኞችን ይዛ ኖቫ ስኮሺያ ደረሰች። በጉዞው ፈንጣጣና ተቅማጥ ገብቶ፣ በተለይ ሕፃናት አልቀዋል።

የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ኪልቱን በኩራት ይለብሳሉ። (እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ የጨርቅ ጥለት አለው የሚባለው ልማድ እንኳ በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ለባሹ ግን ይህ ብዙም አያስጨንቀውም።) በጨዋታው ሜዳ የቆዳ ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋል፣ ልጃገረዶች በመሬት ላይ በተጋደመ ሰይፍ መሐል ይጨፍራሉ፣ ጎልማሶች 25 ኪሎ የሚመዝን ብረት በአንድ እጅ ከፍ ካለ አግዳሚ በላይ ያሻግራሉ።

የጎደለው ቋንቋው ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በኖቫ ስኮሺያ ጌሊክ የሚናገሩት በአስር ሺዎች ይቆጠሩ ነበር። ዛሬ የቀሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ትምህርት ቤቶች ልጆችን በቋንቋቸው ያሳፍሯቸው፣ ይቀጧቸውም ነበር። ወላጆችም ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ እንዲያድጉላቸው ብለው ጌሊክን ለእርስ በርስ ወሬ ብቻ አስቀሩት። ክፋት አስበው አልነበረም፤ ለልጃቸው እንጀራ ማሰባቸው ነበር።

እዚህ ላይ የእኛም ነገር ይነሳል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየሩ የእግር ኳስ ውድድር ያካሂዳሉ። ብዙ ሰው የሚሄደው ለኳሱ ሳይሆን ለናፍቆቱ ነው። እርስዎም ዘመድ ካለዎት ፎቶውን ሳያዩ አልቀሩም፦ ባንዲራው፣ እንጀራው፣ ሙዚቃው። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጎል ሲገባ እዚያ የተወለደው ልጅ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚጮኸው?

ወደ ኖቫ ስኮሺያ እንመለስ። በኬፕ ብሬተን ደሴት የሚገኘው የጌሊክ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1938 የተቋቋመ ሲሆን እስከ ዛሬ ቋንቋውን ያስተምራል። በደሴቲቱ የቀረ አንድ የቆየ ልማድም አለ። ድሮ ሴቶች የሱፍ ጨርቅ እንዲጠብቅ ጠረጴዛ ከበው፣ እርጥቡን ጨርቅ በዜማ እየተቀባበሉ ይደበድቡት ነበር፤ ከእኛ የደቦ ዘፈን ጋር ይመሳሰላል። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዛሬ የሱፍ ልብስ ከሱቅ ይገዛል። ሰዎቹ ግን አሁንም ይሰበሰባሉ፣ ወንዶችም ተጨምረዋል። ጨርቁን አርጥበው ጠረጴዛው ላይ ይደበድባሉ፤ ጌሊክ በጎልማሳነቱ የተማረውም ከአዛውንቶቹ ጎን ተቀምጦ ቃሉን ከአፋቸው እየተቀበለ ያዜማል።