ከዛር ቤት እስከ ላፕቶፕ

ምቱ የደበዘዘ፣ ዜማው የማይጨበጥ፣ ጉርምርምታው ጨለም ያለ ሙዚቃ ነው፤ በውጭ አገር «ዳርክ አምቢየንት» ይባላል። በሠርግ ዘፈን ለተቃኘ ጆሮ መጀመሪያ የተበላሸ ራዲዮ ሊመስል ይችላል።

ይሁን እንጂ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀደምት ሥራዎች አንዱ የተሠራው ከዛር ነው። በ1944 (እ.ኤ.አ.፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) ግብፃዊው ሃሊም ኤል ዳብ ካይሮ ውስጥ የሴቶችን የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀዳ። ከዚያ ዋናውን ድምፅ እየቀነሰ፣ የገደል ማሚቶ እየጨመረ፣ የሰውን ጩኸት ወደ ተንሳፋፊ ድምፅ ለወጠው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በተመሳሳይ ሙከራ የታወቀው ከ4 ዓመት በኋላ ነው! ኤል ዳብ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገናን ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ።

ከአዲሱ ትውልድ ሚካኤል ሰይፉ በ2014 «የአራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን አውጥቷል። ሌላው ሙዚቀኛ እንደገና ሙሉ ደግሞ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም ይሠራል። ሁለቱም የአገር ቤት ድምፆችን በኮምፒዩተር ቆርጠው፣ ደራርበው ያቀናብራሉ። እውነቱን ለመናገር ምታቸው ስለሚበረታ ሙሉ በሙሉ ዳርክ አምቢየንት አይባሉም፤ «ዘላለም» ግን ቀረብ ይላል።

እንዲህ ያለ ሙዚቃ መሞከር ለሚፈልግ የጅማና የአጋሮ ወጣት መነሻው ቅርብ ነው፦ የቡና መፈልፈያ ማሽን፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። በስልክ የተቀዳ ድምፅ እንደ ድሮው ቴፕ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ ርዝመቱም እጥፍ ይሆናል፤ ይህን የሚሠሩ ነጻ ፕሮግራሞች ደግሞ አሉ።