ስለ ጥርስ ሥር ስንጥቅና ይህን ስለሚገልጠው የራጅ ሥዕል

ለመለየት ከሚያስቸግሩት የጥርስ ሕመሞች አንዱ የሥር ስንጥቅ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ በዓይን ይታያል፤ ሥሩ የተሰነጠቀ ጥርስ ግን ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ቆሎ ሲቈረጥሙበት ብቻ ድንገት ይወጋል። ባለቤቱም ተሽሎኛል እያለ ወራት ሲያሳልፍ፥ በስንጥቁ ገብተው የሚራቡት ረቂቅ ተሕዋስያን ጥርሱን የያዘው አጥንት ቀስ በቀስ እንዲጠፋ ያደርጋሉ።

ስንጥቁም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አግድም የሚሄደው ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ ልጆች ወድቀው የፊት ጥርሳቸውን ሲመቱ ይደርሳል። ይህን ሐኪሙ ወደ ስፍራው መልሶ ከጎረቤቶቹ ጥርሶች ጋራ በቀጭን ሽቦ አራት ሳምንት ያህል ቢያስረው፥ ብዙ ጊዜ ይድናል። ሁለተኛው በቁመት የሚሄደው ነው፤ ይህም የሚበዛው ነርቩ ወጥቶ ሥሩ በተሞላ ጥርስ ላይ ነው። ባለ አንድ ሥር ከሆነ ጥርሱን ከመንቀል በቀር መድኃኒቱ ጥቂት ነው፤ ብዙ ሥር ያለው መንጋጋ ከሆነ ግን የተሰነጠቀውን ሥር ብቻ ቈርጦ ማውጣት አንዳንድ ጊዜ ይቻላል። ስለዚህ የሚድነውን ነቅሎ መጣልም፥ የማይድነውን ይዞ አጥንት ማስጠፋትም ሁለቱም ጉዳት ነው።

ሮንትገን የተባለው የጀርመን ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. ረቂቁን ጨረር ካገኘ በኋላ፥ በጥር ወር 1896 ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ የጥርስ ሐኪም የገዛ ጥርሱን ሥዕል አነሣ። ለዚህም ጨረሩን 25 ደቂቃ ታግሦ ተቀበለ፤ ዛሬ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል። ነገር ግን ተራው የራጅ ሥዕል ጥላ ነው። በግድግዳ ላይ የወደቀ የሰው ጥላ የደረቱን ውፍረት እንደማይናገር፥ ይህም ጥልቀትን አያሳይም፤ ጨረሩ በስንጥቁ መንገድ ትክክል ካላለፈ ስንጥቁ ይሰወራል።

ኮን ቢም ሲቲ የሚባለው መሣሪያ ይህን ጉድለት ለማቃለል መጣ፤ ስለ አንዱም ዓይነት የኢጣሊያ ሊቃውንት በ1998 ጽፈው አሳተሙ። መሣሪያው ሾጣጣ ጨረር እየላከ በሕመምተኛው ራስ ዙሪያ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይዞራል፤ ያነሣቸውንም ብዙ ሥዕሎች ኮምፒዩተር ገጣጥሞ ርዝመት፥ ወርድና ጥልቀት ያለው አንድ ምስል ያደርጋቸዋል። ሐኪሙም ሥሩን በመስተዋቱ ላይ እንደ ስስ ቅጠል እየገነጠለ፥ በወደደው ወገን ይመረምረዋል።

ሆኖም ይህ መሣሪያ አይሳሳትም የሚል ሰው ቢኖር አትመኑት። በሥሩ ውስጥ ያለ የብረት ችንካር ወይም ሌላ መሙያ በምስሉ ላይ ጨለማና ብርሃን መስመር ይረጫል፤ ይህም ስንጥቅ ሳይኖር ያለ ያስመስላል፥ ያለውንም ይሸፍናል። ደግሞም ስንጥቁ አንዳንድ ጊዜ መሣሪያው ከሚያሳየው ከትንሹ ነጥብ ይቀጥናል፤ ነጥቡም እንደ መሣሪያው ከ0.075 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም መስመሩን ብቻ ሳይሆን በሥሩ ዙሪያ አጥንቱ እንዴት እንደጠፋ ያያል፤ ድዱንም በቀጭን መለኪያ እየነካ በአንድ ስፍራ ብቻ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ይኖር እንደ ሆነ ይፈልጋል።

ጨረሩም ከተራው ሥዕል ስለሚበዛ፥ ይልቁንም ለልጆች፥ ያለ ምክንያት ሊነሣ አይገባም። አስቀድሞ ተራው ሥዕል ይነሣል፤ ይህ ካልበቃ የታመመውን ስፍራ ብቻ የሚይዝ ጠባብ ምስል ይታዘዛል። እንግዲህ ሐኪሙ ጥርስህ ይነቀል ቢልህ፥ ስንጥቁን በምን እንዳወቀው በትሕትና ጠይቀው። ምስሉም ካልለየው፥ ድዱን አደንዝዞና ገልጦ ሥሩን በዓይኑ ማየት ይችላል።