የምድር እምቧይ፡ መድኃኒት ወይስ መርዝ?

ክረምት ሲገባ መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ አጥርና ቁጥቋጦ ሲያገኝም እየተንጠላጠለ የሚያድግ፣ ቢጫ አበባና እሾህማ ፍሬ ያለው የዱር ሐረግ አለ። የምድር እምቧይ ይባላል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ኩኩሚስ ፊሲፎሊየስ ብለው ይጠሩታል።

ስሙ ግን ያሳስታል። እምቧይ የምንለው ቁጥቋጦ የድንችና የቲማቲም ዘመድ ነው፤ እሾሁ ግንዱና ቅጠሉ ላይ ሲሆን ፍሬው ለስላሳ ነው። የምድር እምቧይ ደግሞ የዱባ፣ የቅልና የኪያር ወገን ሲሆን፣ ሸካራውና እሾህማው ፍሬው ነው።

በአማራ ክልልም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ሥሩ ለሆድ ቁርጠት ይታኘካል። ሥሩን ያኘከ ሰው መራራነቱን አይረሳውም። ምሬቱ የሚመጣው በዱባና በኪያር ወገን ከሚገኙት ኩከርቢታሲን ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ተክሉ ራሱን ከሚበሉት እንስሳት የሚከላከለው በእነዚሁ ነው። በሰው ላይም መጠናቸው ሲበዛ ኃይለኛ ማስመለስና ተቅማጥ ያስከትላሉ። ምግብ ማብሰል አያጠፋቸውም። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን ሃይደንሃይም ከተማ አንድ የ79 ዓመት አዛውንት ከጓሮ የተለቀመ መራራ ዝኩኒ በወጥ መልክ ተመግበው ሕይወታቸው አልፏል። ዝኩኒም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። የምድር እምቧይ ሥር በእብድ ውሻ ለተነከሰ ሰው መድኃኒት ተደርጎ ይሰጣል። “እገሌ ጠጥቶ ድኗል” የሚለው ምስክርነትም በየሰፈሩ አይጠፋም። ነገር ግን የነከሰ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ በእብድ ውሻ የተነከሰ ሁሉም አይታመምም። ስለዚህ ሥሩን ጠጥቶ በጤና የሰነበተው ሰው ምናልባት መጀመሪያውኑ በሽታው አልያዘውም። በሌላ በኩል የበሽታው ምልክት ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ስለሚመጣ፣ ተነካሹ የዳነ ይመስለዋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ማለት የአባቶችና የእናቶች ዕውቀት ይጣል ማለት አይደለም። ለልብስ ማጠቢያ ይውል የነበረው እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወቁት ወንዝ ዳር የተመለከቱትን ተከትለው በመመርመራቸው ነው። የምድር እምቧይም ቢሆን መጠኑ ተለክቶ ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊለይ የሚችለው በቤተ ሙከራ ነው።

እስከዚያው ድረስ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምር። ሐረጉ ከአጥሩ ላይ የትም አይሄድም፤ ክትባቱ ግን ጊዜው ካለፈ አይመለስም።