ከኮምቦልቻ ወደ ደመናው፤ ስለ ተጠባባቂ መስመሮች አሠራር

አንድ ድርጅት ከመዝገቡ ግማሹን በገዛ ግቢው ባለ ሰርቨር ላይ፣ ግማሹን ደግሞ ክላውድ ወይም ደመና በሚባለው፣ በሩቅ አገር ባለ የኪራይ ማሽን ላይ ሲያኖር፣ ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር የሥራው ጅማት ይሆናል። ይህ መስመር ቢበጠስስ? ጥያቄው ወሎ ላይ ለክርክር ያህል የሚነሣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ ስልክም ኤሌክትሪክም ተቋርጦ ነበር።

ለምሳሌ ያህል አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ እንውሰድ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በዚያ ሠርተዋል። ትእዛዙና ሒሳቡ በደመናው ላይ፣ የማሽኖቹ መቆጣጠሪያ በግቢው ውስጥ ነው እንበል። ደመናውም አማዞን በ2012 ዓ.ም. በኬፕ ታውን በከፈተው ማዕከል ይሁን። ለባለ ፋብሪካው በቅድሚያ የሚታየው ሐሳብ ሁለት መስመር መከራየት ነው። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ደረሰኝ ማለት ሁለት መንገድ ማለት አይደለም።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ ሥራ ሲጀምር ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አቅራቢ ተገኘ። ሆኖም ሁለቱ መሠረተ ልማት ለመጋራት የተዋዋሉ ስለ ሆኑ፣ በሁለት ስም የተከራየነው መስመር በአንድ ቦይ ሊያልፍ ይችላል። በሐረጎ ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ነገሩን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይሻም፤ ተራራው ለመንገድ የለቀቀው ቦታ ጠባብ ነው። አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ሊቆርጣቸው ይችላል። ስለዚህ ተከራዩ ውል ከመፈረሙ በፊት የፋይበሩን ጉዞ የሚያሳይ ካርታ ይጠይቅ እንላለን። አንደኛው በመንገድ ዳር የተቀበረ፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ኃይል ኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ቢሆን ይመረጣል። ሦስተኛ ካስፈለገም ሳተላይት አለ፤ ምልክቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ስለሚወርድ መልሱ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል፤ ግን ሐረጎን አያውቅም።

ከአገር ውጭም ነገሩ ያው ነው። በ2016 ዓ.ም. በየካቲት በቀይ ባሕር፣ በግንቦት ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በኩል የባሕር ገመዶች ተቆርጠዋል። እንግዲህ አንዱ መስመር በጅቡቲ፣ ሌላው በኬንያ ቢወጣ ይሻላል።

መስመሮቹን የሚያፈራርቀው ቢ.ጂ.ፒ. የተባለው የራውተሮች ደንብ ነው። በሁለቱ ጫፍ ያሉ ራውተሮች «አለሁ» ይባባላሉ፤ አንዱ ዝም ቢል ግን እንደ መሣሪያው ልማድ 90 ወይም 180 ሴኮንድ እስኪሞላ ድረስ መስመሩ ደኅና እንደ ሆነ ይቆጠራል። ቢ.ኤፍ.ዲ. የሚባለው ፈጣን ጠባቂ ሲጨመር መቆረጡ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይታወቃል። ደግሞም ሁለቱ እኩል መስመሮች በየቀኑ 70 ከመቶ ተሞልተው የሚሠሩ ከሆነ፣ አንዱ ሲወድቅ የቀረው 140 ከመቶ መሸከም አይችልም። ይህ ስሌት የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሁሉም ባንድነት ቢጠፉስ? የሠራተኛው የመግቢያ ፈቃድ የሚረጋገጠው በደመናው ብቻ ከሆነ፣ ሰውዬው ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ማረጋገጫውና የቅርብ ጊዜው መዝገብ ቅጂ በግቢው ውስጥ፣ ከጄኔሬተር ጋር መኖር አለባቸው። የመስመር ብዛት ይህን አይተካም።

ፈተናው ቀላል ነው፤ በዕረፍት ቀን የዋናውን መስመር ሽቦ ነቅሎ፣ ሰዓት ይዞ መጠበቅ።