ሣጥን ቁጥር 1424

አምቦ ያደገ ልጅ የመጀመሪያ ሠራዊቱን የሚመለምለው ከቆርኪ ነው። እኛ ሰፈር የአምቦ ውሃ ቆርኪ አርበኛ ነበር፣ የቢራ ቆርኪ ጣሊያን። ክፍፍሉን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ የአምቦው ስለሚበዛ አርበኛው እንዳይሸነፍ ተብሎ ይመስለኛል። በረንዳ ላይ ፊት ለፊት እናሰልፋቸውና በጠጠር እንመታቸዋለን። የተገለበጠ ሞተ። ለምሳ ስንጠራ ጦርነቱ ያልቃል፤ ሙቶቹም ለነገ ውጊያ ተለቅመው ኪስ ይገባሉ።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ ካደጉም በኋላ ያልተዉ ሰዎች በዓለም ላይ ሞልተዋል። በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ትንንሽ ወታደር ያሰልፋሉ፣ ከወታደሩ ጋር የወጣውን ኮሚክ ቁጥር በቁጥር ያስቀምጣሉ፣ የጎደለችውን አንዲት እትም ፍለጋ ዓመት ይፈጃሉ። ስለ እነሱ መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ፤ ጢም ያወጣ ሰው በአሻንጉሊት! ሳቄን ያቆምኩት ከሚሰበስቡት መሀል የራሳችንን ሰው ሳገኝ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ለንደን ነው። ብሪቴንስ የሚባለው የአሻንጉሊት ቤት እ.ኤ.አ. በ1893 ውስጡ ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደር መሥራት ጀመረ። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ እጅ ግን ይፈልጋል። የቀለጠው እርሳስ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል። ብረቱን የነካው ዳር ወዲያው ይረጋል፣ መሀሉ ገና ፈሳሽ ነው። ሠራተኛው በዚያች ቅጽበት ይገለብጠውና ትርፉን መልሶ ያፈስሰዋል፤ የሚቀረው እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ የሆነ ወታደር ነው። ከዚያ በፊት ገበያውን የያዙት ጀርመኖች ወታደሩን ድፍን አድርገው ስለሚሠሩት ብዙ እርሳስ ይበላባቸው ነበር። የብሪቴንስ ቀላል ሆነ፣ ረከሰም። ቁመቱ 54 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ የሰው ጣት ያህል ማለት ነው። ይህ ልክ ዛሬም ድረስ የሰብሳቢዎች መለኪያ ሆኖ ቀርቷል። ቀለሙ በእጅ ይቀባ ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ስምንት ሆነው ቀይ ሣጥን ውስጥ ይተኙ ነበር፣ ሣጥኑም ቁጥር ነበረው።

በ1928 ዓ.ም. ግድም ኢትዮጵያ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ርዕስ ሆነች። አሻንጉሊት ሠሪ ጋዜጣ አንባቢ ነውና ብሪቴንስም ሁለት አዲስ ሣጥን አወጣ። 1424 የአቢሲኒያ ንጉሠ ነገሥት ዘብ ነው፤ 1425 ባላገሩ ጦረኛ። የጣሊያን እግረኛም በሌላ ሣጥን ይሸጥ ነበር። የኪስ ገንዘብ ያለው የእንግሊዝ ልጅ ሁለቱንም ገዝቶ ምንጣፍ ላይ ሲያዋጋ ይታያችሁ። ማን አሸንፎ ይሆን? በጀርመንም ኤላስቶሊን የሚባለው ፋብሪካ የሐበሻ ጦረኛ ሠርቷል። የእሱ ዕቃ ግን እርሳስ አይደለም፤ የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተለውሶ በሽቦ አጥንት ላይ የተጋገረ ነው። እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ክረምታችንን የሚችል አይመስለኝም።

ሰብሳቢ የ1424ቱ ዘብ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እግሩን ነው። በዘመኑ ፎቶግራፎች የክብር ዘበኛው ዩኒፎርሙን አሟልቶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ በባዶ እግሩ ተሰልፎ ይታያል። ጫማ የተቀባለት ዘብ ካጋጠመ ወይ ሠዓሊው ፎቶውን አላየም፣ ወይ ኋላ የመጣ ባለቤት ቀብቶታል። ሁለተኛው ነውር ነው፤ ድጋሚ የተቀባ ወታደር ዋጋው ይወድቃል። ሣጥኑ ከጠፋም ይወድቃል። አንዳንዴ ባዶው ሣጥን ብቻውን ገዢ ያገኛል፤ ይህን ለአንድ የመርካቶ ነጋዴ ባወራው አእምሮዬን የሚጠራጠር ይመስለኛል። የእርሳስ ነገር ከተነሣ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መርዝ ነው። ይዞት የነበረ እጁን ይታጠብ፣ ለሕፃንም አይሰጥ። ብሪቴንስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 እርሳሱን ትቶ ወደ ፕላስቲክ ዞሯል። የእርሳሱ ወታደር እንደ ኦክ ካለ እንጨት በተሠራ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠም ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ወታደሩን ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል።

1424 ለንደን ውስጥ ቀለም ሲቀባ እውነተኞቹ ወታደሮች የት ነበሩ? አንዳንዶቹ የእኛው መንገድ ላይ። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ጊንጪንና አዲስ ዓለምን አልፎ ሆለታ ይደረሳል። በ1927 ዓ.ም. እዚያ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ከፊሎቹ በስተ ምዕራብ ወደ ነቀምቴ አቅንተው ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ማኅበር ተቀላቀሉ። በሰኔ 1928 ቦንያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉት፣ ጄኔራል ማሊዮኮንም የገደሉት የእነዚሁ ወገኖች ናቸው። ለዚህ ታሪክ ሣጥን የሠራለት የለም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ «ወታደር» ሲባል የዛሬ ሰብሳቢ በመጀመሪያ የሚያስበው ጂ.አይ. ጆን ነውና። ሃስብሮ የተባለው አሻንጉሊት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲያወጣው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ መገጣጠሚያዎቹ የሚታጠፉ፣ ልብሱ የሚወልቅ ነበር። ችግሩ ስሙ ላይ ነው፤ አባት ለወንድ ልጁ አሻንጉሊት አይገዛም። ስለዚህ «አክሽን ፊገር» የሚል አዲስ ቃል ፈጠሩለት። ዕቃው ያው አሻንጉሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ 9.5 ሴንቲ ሜትር አጠሩትና ከማርቭል ኮሚክ ጋር አንድ ላይ አወጡት። ኮሚኩን የጻፈው ላሪ ሃማ ቬትናም የዘመተ ሰው ነው፤ ከየወታደሩ ማሸጊያ ጀርባ የሚታተመውን የሕይወት ታሪክ ካርድም የጻፈው በአብዛኛው እሱ ነው። የማርቭሉ እትም በ1994 በቁጥር 155 ቆመ፣ ከዓመታት በኋላ በሌላ አሳታሚ ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ስካይባውንድ ወደሚባል አሳታሚ ተዛውሮ ከቁጥር 301 ጀምሮ እየወጣ ነው፣ አሁንም በሃማ ብዕር። አሻንጉሊቱ ደግሞ ከ2020 ወዲህ 15 ሴንቲ ሜትር በሚሆን አዲስ ተከታታይ ይወጣል።

ከኮሚኩ ሁሉ ሰብሳቢ የሚሳሳለት ቁጥር 21 ነው። ከመጀመሪያ ገጹ እስከ መጨረሻው ምንም ንግግር የለበትም፤ ታሪኩ በሥዕል ብቻ ይሄዳል። አሜሪካኖቹ ይህን እንደ ተአምር ያወራሉ። እኛ ሀገር የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሥዕል ከፋፍሎ በአንድ ሸራ ላይ መተረክ የሠዓሊዎች የዘወትር ሥራ ነበር። የዓድዋውም ሥዕል ራሱን የቻለ የጦርነት ኮሚክ ነው። ሕግም አለው፦ የእኛ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ጠላት በጎን አንድ ዓይን ብቻ ይዞ። ማን ከማን ወገን እንደሆነ ለማወቅ ዩኒፎርም መለየት አያስፈልግም።

ኮሚክ አፍቃሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሰው ደግሞ ጥበቡን የቀሰመው በከፊል እዚሁ ነው። ጣሊያናዊው ሁጎ ፕራት በ1937 እ.ኤ.አ. በአሥር ዓመቱ ከእናቱ ጋር ወታደር አባቱን ተከትሎ ኢትዮጵያ ገባ። ገና ሳይጎረምስ የቅኝ ግዛቱን ፖሊስ ዩኒፎርም አለበሱት። ጣሊያን ሲሸነፍ አባቱ ተማርኮ ሞተ፤ እሱና እናቱ ድሬዳዋ ካምፕ ታሰሩ። እዚያ ከጠባቂዎቹ ላይ ኮሚክ እየገዛ ያነብ ነበር። አድጎ ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን የኮሚክ ባለታሪክ የፈጠረው እሱ ነው፤ ከመጽሐፎቹም የአንዱ ስም በጣሊያንኛ ኢትዮጵያን የሚጠራ ነው። ኩሽ የሚባል የደንከል ጦረኛ አለበት፦ ቀጭን፣ ኩሩ፣ ለነጭ የማያጎነብስ። የወራሪ ልጅ ከሣላቸው ጀግኖች አንዱ እሱ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የእኛው ኮሚክ ዘግይቶ መጣ። ብሥራት ደበበ የኢታን ኮሚክስ መሥራች ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ጀምበር የተባለውን ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ ነው። ኃይል ከማግኘቱ በፊት የሥራ ማስታወቂያ ሲያሳድድ ስላየሁት ወዲያው ዘመዴ ሆነ። ቀጥሎ ሀዊ የተባለችው ባለታሪክ መጣች። ወታደር ግን አይደሉም።

ወታደር ከተባለማ ሠሪውን የሚጠብቅ አንድ ሰው አለን፤ ጃገማ ኬሎ። በ1913 ዓ.ም. ጊንጪ አካባቢ ደንዲ ተወለደ፣ በ15 ዓመቱ ዱር ገባ፣ በጅባትና ሜጫ ጣሊያንን ሲያምስ «የበጋው መብረቅ» ተባለ። ፍቅረማርቆስ ደስታ በዚሁ ስም መጽሐፍ ጽፎለታል። ኋላ ሌተናል ጄኔራል ሆኖ በ2009 ዓ.ም. አረፈ። ለቅርጽ ሠሪ ከባዱ ማዕረጉ ወይም ጠመንጃው አይደለም፤ ጠመንጃ ከተማረከ ጣሊያናዊ ይገኛል። ከባዱ ፀጉሩ ነው። አርበኛው ፀጉሩን አሳድጎ ነው የሚዋጋው፤ በፎቶው ላይ ጎፈሬው ከትከሻው እኩል የሰፋ ይመስላል። ስስ እርሳስ ይህን ጎፈሬ አይዝም፣ ፕላስቲክም የራስ ቁር ያስመስለዋል።

ባለፈው በጋ ራሴ ሞከርኩት። ከሁሉቃ ወንዝ ዳር ጭቃ አምጥቼ ከጂ.አይ. ጆ ጎን እንዲቆም 9.5 ሴንቲ ሜትር አድርጌ ሠራሁ። ጠመንጃው የክብሪት እንጨት ነው። ለፀጉሩ እርጥቡን ራስ ጥቁር ጤፍ ውስጥ ነከርኩት፤ ፍሬዋ ተጣብቃ ስትደርቅ ቁልጭ ያለ ጎፈሬ ወጣለት። የመጀመሪያው ትከሻው ላይ ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው ቆመ። መቆሚያ ስላጣሁለት የአምቦ ቆርኪ ገልብጬ በጭቃ ሞላሁና እግሩን ተከልኩበት። አብሮ አደጌ መጥቶ ወዲያ ወዲህ አገላብጦ አየው፣ ፀጉሩንም አደነቀ። ከዚያ ቆርኪውን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «የተገለበጠ እኮ ሙት ነው» አለኝ።