ስለ አራዳ ገበያና ስለ ፒያሳ አጭር ታሪክ

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ከየክፍሉ አንዳንድ ተማሪ ስለ ከተማችን አንድ ሰፈር እንዲጽፍ በጠየቁ ጊዜ እኔ ፒያሳን መረጥሁ። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛው፤ ፒያሳ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የንግድ ማዕከል ስለ ሆነ ታሪኩን ማወቅ ለማንኛውም ተማሪ ይጠቅማል። ሁለተኛው ግን የራሴ ጉዳይ ነው። እኔ የተወለድሁትና እስከ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ያደግሁት እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ በሚባለው መንደር ነው። ያ መንደር ዛሬ የለም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ከአያቴ ከሰማሁት ጋር አስተያይቻለሁ። አያቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። በዐሥራ አራት ዓመታቸው ከቡልጋ መጥተው ከሃምሳ ዓመት በላይ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና ሲሰፉ ኖረዋል። ስለ ፒያሳ ልጽፍ ነው ብዬ በነገርኋቸው ጊዜ ገና ከመጀመሪያው አረሙኝ። «ፒያሳ አትበል የኔ ልጅ፤ ፒያሳ ጣልያን ያመጣው ስም ነው። አራዳ በል» አሉኝ። እኔም ከዚሁ ከስሙ እጀምራለሁ።

ገበያው ለምን እዚያ ቆመ?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ትልቁ ገበያ የተተከለው ከቤተ መንግሥቱ በስተ ምዕራብ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው ከፍታ ላይ ነበር። ቦታው አራዳ ይባል ነበር። ስሙም እየገነነ ከመሄዱ የተነሣ፣ ነገር ቶሎ የሚገባውንና የከተማ ኑሮ የተካነውን ሰው ሁሉ «አራዳ» ማለት ተለመደ። ስለዚህ «የአራዳ ልጅ» ስንባባል፣ ሳናውቀው የአንድን ገበያ ስም እየጠራን ነው።

ገበያ በዘፈቀደ በአንድ ስፍራ አይቆምም። አራዳን ገበያ ያደረጉት ነገሮች በኔ አስተያየት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ለንግሥና ለሰንበት የሚሰበሰብ ሕዝብ ሁልጊዜ ገበያተኛን ይጠራል። ሁለተኛው ቤተ መንግሥቱ ነው፤ መኳንንቱ፣ ወታደሩና ባለጉዳዩ ሁሉ የሚበላውንና የሚለብሰውን የሚገዛው ከዚያ ነበር። ሦስተኛው ቀረጥ ነው፤ የንግዱ ሹም ነጋድራስ ይባል ነበርና እርሱና ሰዎቹ ቀረጡን የሚሰበስቡት በገበያው አጠገብ ስለ ነበረ፣ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ጭነቱን ሌላ ስፍራ ማራገፍ አያስፈልገውም ነበር።

በዚያ ዘመን መገበያያው የማሪያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። እህሉ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ከብቱ፣ ሸማው፣ እያንዳንዱ በየተራው ተለይቶ ይሸጥ ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ አያቴ ስለ ራሳቸው በረንዳ ይነግሩኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ወደዚያ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ባንኩና ሆቴሉ

ገበያው እየሰፋ ሲሄድ ሌሎች ሥራዎች እየተከተሉት መጡ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ሕዝቡ ግን በብሩ እንጂ በወረቀት ገንዘብ ለማመን ጊዜ ፈጅቶበታል። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ባንኩን ገዝቶ በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ።

በዚያው በ1890ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ተከፈተ። የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ ምግብን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበር ገበያው መጀመሪያ ላይ ቀዝቃዛ እንደ ነበረ፣ ዐፄ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው ሄደው እየበሉና እየከፈሉ ሰውን እንዳለማመዱ ይተረካል። ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የእሳት ቃጠሎ ደርሶበት ብዙ ጉዳት አግኝቶታል። ያን ቀን ሕፃን ነበርሁ፤ ሆኖም ጪሱንና አያቴ በበረንዳው ላይ ቆመው ራሳቸውን ይዘው ማየቴን አልረሳውም።

ከውጭ አገር የመጡ ነጋዴዎችም አራዳ ላይ ሱቅ ከፍተዋል። አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ሕንዶች፣ የመናውያንና ሌሎችም ነበሩ። ከሕንዶቹ መካከል የመሐመድ አሊ ኩባንያ ስም የታወቀ ነበር፤ ከአርመኖቹ ደግሞ የኬቮርኮፍ። ከወርቅ አንጥረኛነት እስከ ፎቶግራፍ አንሺነት፣ ከጫማ ሠሪነት እስከ ዳቦ ጋጋሪነት ብዙ የእጅ ሙያ የተስፋፋው በእነዚህና አብረዋቸው በሠሩት በአገራችን ሰዎች ነው።

ገበያው ለሁለት ሲከፈል

ጣልያን አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የአራዳ ዕድል ተለወጠ። የፋሺስቱ አስተዳደር ነጩንና ጥቁሩን በሰፈርና በገበያ ለመለየት ዐቀደ። በዚህም ዐቅድ መሠረት የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ እንዲሄድ ተደረገ። አራዳ ደግሞ የነጮች መደብርና መዝናኛ እንዲሆን ተፈለገ። በጣልያንኛ አደባባይ ማለት የሆነው «ፒያሳ» የሚለው ስምም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። አያቴ ያን ስም የሚጠሉት ለዚህ ነው።

ከነጻነት በኋላ መርካቶ በቦታው ቀረ፤ በጅምላ ንግድም አራዳን በለጠ። አራዳ ግን አልሞተም። የወርቅ ቤቱ፣ የጨርቅ መደብሩ፣ የመጻሕፍት መሸጫው፣ ሲኒማ ቤቱና ኬክ ቤቱ እዚያው ሆነ። ቶሞካ ቡና የተከፈተው በ1940ዎቹ ነው። የሰፈሩ የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ደግሞ «ሰይጣን ቤት» ይባል ነበር፤ በጨለማ ውስጥ ሥዕል ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው የሰይጣን ሥራ መስሎት ነውና።

ሌላው ትልቅ ለውጥ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በወጣው ዐዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶችም ለቀበሌ ተሰጡ። ይህ ለድኻው ትልቅ ዕረፍት ነበር፤ በጥቂት ብር ኪራይ በከተማው መካከል መኖር ቻለ። ነገር ግን ኪራዩ አነስተኛ ስለ ሆነ ቤቱን የሚያድስ አልተገኘም። ተከራዩ ቤቱ የራሱ አይደለም፤ ያስተዳዳሪውም ገቢ ለጥገና አይበቃም። በዚህ ሁኔታ ከዐርባ ዓመት በላይ አለፈ። የእኛ ቤትም እንዲሁ ነበር። ክረምት በገባ ቍጥር እናቴ ሦስት ባልዲ ከጣሪያው ሥር ትደረድር ነበር። መጸዳጃውን ከሌሎች ሰባት ቤተሰቦች ጋር እንጋራ ነበር። የመንደሩን ነገር ሳነሣ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

የሚታዩ ቅርሶች

አንድ እንግዳ ዛሬ ወደ ፒያሳ ቢሄድ የሚከተሉትን ሳያይ መመለስ የለበትም።

አንደኛ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል። ታቦቱ አድዋ ዘምቷል። ስምንት ማዕዘን ያለው የዛሬው ሕንፃ የተሠራው ከድሉ በኋላ ሲሆን ሥራውን የመራው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ጣልያናዊ ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. አቃጠሉት፤ ከነጻነት በኋላ ታደሰ። በውስጡ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ይገኛሉ።

ሁለተኛ፤ በፈረስ ላይ የተቀመጡት የዐፄ ምኒልክ ሐውልት። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በንግሡ ዋዜማ ተመረቀ። ጣልያኖች አንሥተው ቀበሩት፤ ነጻነት ሲመለስ ተቈፍሮ ወጥቶ በስፍራው ቆመ።

ሦስተኛ፤ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለጠላት ተገዛ ብለው አልሰብክም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው የሞቱ ጳጳስ ናቸው። በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር ሥራ ሲባል ሐውልታቸው ለጊዜው ተነሣ፤ በኋላም ወደ ስፍራው ተመለሰ።

አራተኛ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ። አርቱሮ ሜዜዲሚ በተባለ አርክቴክት ዕቅድ በ1950ዎቹ ተሠርቶ ከቸርችል ጐዳና ራስ ላይ ከተማውን ቁልቁል ያያል።

አምስተኛ፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ።

ከእነዚህም ሌላ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባን በጐበኙት በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ስም የተጠራው የደጎል አደባባይ አለ። አያቴ ያን ጊዜ ለከተማው ገና እንግዳ ነበሩ። «ሕዝቡ ግጥም ብሎ ስለ ነበር የሰውዬውን ቆብ ብቻ ነው ያየሁት» ይላሉ።

በ2016 የሆነው

መታሰቢያው ከተመረቀ ብዙም ሳይቈይ፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ገደማ፣ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈረሰ። ዶሮ ማነቂያም ከፈረሱት አንዱ ነው። ለእኛ በከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጠን። አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ጣሪያ አያፈስም፤ መጸዳጃው የግላችን ነው። እናቴ ባልዲዎቿን ለልብስ ማጠቢያ አደረገቻቸው።

የአያቴ ነገር ግን ሌላ ነው። ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልሁት ይኸው ነው። አያቴ ይሰፉበት ከነበረው በረንዳ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቍልፍና ክር የሚሸጥ ሰው ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ ገበር የሚሸጡ እናት ነበሩ። ማዶ ካውያ ቤት ነበር። ጨርቅ የገዛ ሰው ከመደብሩ ወጥቶ ወደ አያቴ ይመጣል፤ አያቴም ቍልፍ ሲጐድላቸው እኔን ይልኩኛል፤ ሒሳቡ በወር መጨረሻ ይተሳሰባል። ዛሬ መኪናው በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ለአንድ ደርዘን ቍልፍ ሁለት ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል። ደንበኛም ለአንድ ሱሪ ማሳጠሪያ አራተኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም። ባለፈው ዓመት በሙሉ የሰፉት የጎረቤት መጋረጃና የእኔን የደንብ ልብስ ነው።

ከዚህ የተማርሁት ነገር አለ። የንግድ ሰፈር ማለት ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ቅርበት ነው። በምኒልክ ዘመን ማሩ ከቅቤው፣ ሸማው ከጥጡ አጠገብ የተቀመጠው በከንቱ አልነበረም። አንዱ ለሌላው ገበያ ያመጣለት ነበር። ሐውልት ቢነሣ ተመልሶ ሊተከል ይችላል፤ ሁለት ጊዜም አይተነዋል። የቍልፍ ሻጩንና የልብስ ሰፊውን ጉርብትና ግን አንድ ጊዜ ከተበተነ በኋላ ቈፍሮ የሚያወጣው የለም።

ይህን ስል ከተማ አይታደስ ማለቴ አይደለም። ሦስቱን ባልዲ አልረሳኋቸውም። የምለው፣ ሰፈር ሲታደስ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ሥራውም ቢቈጠር መልካም ነው። የቍልፍ ሻጩና የልብስ ሰፊው በአንድነት ወደ አንድ ስፍራ ቢዛወሩ ኖሮ አያቴ ዛሬ ይሠሩ ነበር።

ባለፈው ጥር አያቴን ይዤ ወደ ፒያሳ ሄድሁ። መንገዱ ሰፍቷል፤ አበባ ተተክሏል፤ ሰዎች ፎቶግራፍ ይነሣሉ። አያቴ ከጊዮርጊስ በር ተነሥተው በከዘራቸው እየተመሩ በረንዳቸው የነበረበትን ቦታ ፈለጉ። አንድ የመብራት ምሰሶ አጠገብ ቆሙና «እዚህ ነበር» አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን «አይ፤ ወደዚያ ነው መሰለኝ» አሉ። ሃምሳ ዓመት የሠሩበትን ቦታ ለይተው ለማወቅ አልቻሉም።

በዚያው ሌሊት ከደብተሬ ላይ ወረቀት ቀድጄ ከፊታቸው አስቀመጥሁ። እርሳቸው እየነገሩኝ እኔ እየሣልሁ የበረንዳውን፣ የቍልፍ ቤቱን፣ የካውያ ቤቱንና የወርቅ ቤቶቹን ቦታ እስከ ራስ መኰንን ድልድይ ድረስ አሰፈርን። ሥራው አራት ሌሊት ፈጀ። ሠላሳ አንድ ሱቆች ከነባለቤቶቻቸው ስም አስታወሱ።

ስለዚህ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ በየቤታችሁ የአንድ ሰፈር ካርታ በራሳቸው ውስጥ ይዘው የተቀመጡ አዛውንት አሉ። መርካቶም ይሁን ጉለሌ፣ ካዛንቺስም ይሁን ሌላ፣ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። መጽሐፍ የሐውልቱን ዓመተ ምሕረት ይነግራችኋል፤ ቍልፍ በየት በኩል ይሸጥ እንደ ነበር የሚነግሯችሁ ግን እነርሱ ብቻ ናቸው።